ረጅሙ ማጭድ፣ አጭሩ ማጭድ ወይስ ሞተር? የማጨጃ መሣሪያ ለሚመርጡ የንጽጽር መመሪያ

ሣር ወይም ሰብል የሚያጭድበት መሣሪያ ለመምረጥ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው እንደሚፈጥን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በቅድሚያ ሊነሣ የሚገባው አይመስለኝም። ከፍጥነት በፊት ሊመለስ የሚገባው የታጨደው ነገር ምን ይሆናል የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ለከብት የሚደርቅ ሣር፣ ነዶ ሆኖ የሚታሰር ሰብል እና ባለበት እንዲበሰብስ የሚተው አረም እያንዳንዳቸው የተለየ አቆራረጥ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ጥያቄ አጫጁ ስለት መሳልን የአጨዳው አካል አድርጎ ለመቀበል ዝግጁ ነው ወይ የሚለው ነው። በዚህ ላይ ልቡ የሚያመነታ ሰው ከዚህ በታች የማወድሰውን ረጅም ማጭድ ባይገዛ ይሻለዋል።

በአማርኛ «ማጭድ» ሲባል ወዲያው የሚታየን በአንድ እጅ የሚያዘው፣ እንደ ጨረቃ የጎበጠው አጭሩ መሣሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ረጅም ማጭድ» የምለው ግን ቀጥ ብለው ቆመው በሁለት እጅ የሚያጭዱበትን መሣሪያ ሲሆን፣ ረጅም ዛቢያ፣ በዛቢያው ላይ የተተከሉ መያዣዎች እና በዛቢያው ጫፍ ላይ በቀለበት የሚጠብቅ፣ ከ50 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ጎበጥ ያለ ብረት አለው። «ብረት» ስል ይህን ሙሉ አካል፣ «ስለት» ስል ደግሞ የሚቆርጠውን ቀጭን ጠርዙን ብቻ ማለቴ ነው፤ ሁለቱ ከተምታቱ ስለ መሳል የሚነገረው ሁሉ ይምታታል። መሣሪያው በአውሮፓ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ሆኖም ለረጅም ጊዜ በዋናነት ድርቆሽ ሲታጨድበት ቆይቶ፣ እህሉ ለአጭሩ ማጭድ እንደተተወ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ወደ እህል አጨዳ የተስፋፋው ዘግይቶ ነው። ይህ ታሪክ ብቻውን መሣሪያው በተፈጥሮው ለየትኛው ሥራ እንደሚስማማ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

የታጨደው ለምን ይውላል?

ለከብት መኖ ወይም ለድርቆሽ የሚያጭድ ሰው የሚፈልገው ያልተሰባበረና ከአፈር የነጻ ሣር ነው። ረጅም ማጭድ አገዳውን ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆርጠውና ሙሉውን ሣር በአጫጁ በስተግራ በረድፍ ያስተኛዋል። አጫጁ ወደፊት በተራመደ ቁጥር ረድፉ እየረዘመ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በመንሽ በትኖ ማድረቅ፣ ማገላበጥና መሰብሰብ ብቻ ይቀራል። በትከሻ የሚንጠለጠለው ባለ ክር ሞተር ግን ሣሩን በስለት አይቆርጠውም፤ በምት ይበጥሰዋል እንጂ። የተበጣጠሰው ሣር ይበተናል፣ አፈርና ጠጠር ይቀላቀልበታል፣ ክሩም ሲሠራ እየተቆራረጠ የሚያልቅ በመሆኑ የፕላስቲክ ቁርጥራጩ ከሣሩ ጋር መሬት ላይ ይቀራል። እኔ ለእንስሳ የሚሰጥ ሣር በዚህ መሣሪያ መታጨድ የለበትም የሚል ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ።

ከሞተሮቹ መካከል ለመኖ የሚስማማው በሁለት ጎማ የሚሄድ፣ ከፊቱ እንደ መቀስ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ጥርስ ያለው ማጨጃ ነው። ይህኛው አገዳውን ሳይፈጭ አንድ ጊዜ ቆርጦ ያስተኛል፤ ስለዚህ የረጅም ማጭድ እውነተኛ ተፎካካሪ እርሱ እንጂ ባለ ክሩ አይደለም። ብዙ ሰው «ማጭድ ወይስ ሞተር» ሲል የሚያወዳድረው ማጭዱን ከባለ ክሩ ጋር ነው፤ ንጽጽሩ ከመነሻው የተዛባ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ሰብል ስንመጣ አጭሩ ማጭድ ክብሩ ይመለስለታል። አጫጁ በግራ እጁ አንድ ጭብጥ አገዳ ይዞ በቀኙ ሲቆርጥ፣ የሁሉም ዛላ በአንድ አቅጣጫ ስለሚያርፍ ነዶ ማሰር ይቀላል፤ ፍሬው ለመርገፍ በደረሰ ሰብል ላይም መንቀጥቀጡ ትንሽ ነው። ነፋስ ወይም ዝናብ አስተኝቶ ያጠላለፈውን ሰብል እጅ ለይቶ ያነሣዋል፤ ረጅም ማጭድ ግን እንዲህ ባለ ቦታ ዛላውን ከመሐል ይቆርጠዋል ወይም በላዩ ያልፋል። ለዘር የሚሆነውን እየመረጡ ማጨድም በአጭሩ ካልሆነ አይቻልም። ቀጥ ብሎ የቆመ የስንዴ ወይም የገብስ ማሳ ግን በረጅም ማጭድ ሊታጨድ ይችላል፤ ቅድመ ሁኔታው ከብረቱ በላይ አገዳውን ሰብስቦ በአንድ ጎን የሚያስተኛ ከቀጭን እንጨት የተሠራ ማቀፊያ መግጠም ነው። ያለ ማቀፊያው አገዳው ይበታተንና በአጨዳ የተረፈው ጊዜ ሁሉ በመልቀም ያልቃል።

የመሬቱ ጠባይና የሰውየው ጉልበት

የሠለጠነ አጫጅ በረጅም ማጭድ በአንድ ሙሉ የሥራ ቀን እስከ 0.4 ሄክታር የሚጠጋ የሣር መሬት ያጭዳል የሚለው ከቆዩት የአውሮፓ ገበሬዎች የወረደ መለኪያ ነው። ጀማሪ ግን ይህን በፍጹም ሊጠብቅ አይገባም፤ የዚህን ሩብ ከሠራ ጥሩ ጀምሯል። በአጭሩ ማጭድ እህል የሚያጭድ ሰው የቀን ሥራም ከ0.4 ሄክታሩ በብዙ ያነሰ ነው። ጥርስ ያለው ሞተር ከሁሉም ይፈጥናል፤ ነገር ግን ቤንዚኑን፣ ካንዴላውን፣ ጥርሱን መሳሉንና ሳይነሣ የሚቀርበትን ጠዋት አብሮ ያላሰበ ሰው ሒሳቡን በትክክል አልሠራም። እኔ ብጠየቅ፣ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሄክታር በታች የሚያጭድ ሰው ረጅሙን ማጭድ እንዲይዝ፣ ከ1 ሄክታር በላይ የሆነ ሜዳ ያለው ደግሞ ወደ ሞተሩ እንዲያዘነብል እመክራለሁ። በመካከሉ ያለውን የሚወስነው ሥራው በአንድ ቀን ማለቅ የሚኖርበት መሆን አለመሆኑ ነው። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት እያጨደ ለከብቱ እርጥብ ሣር የሚያቀርብ ሰው ብዙ ስፋት አያስጨንቀውም።

የሰዓቱም ምርጫ ልብ ሊባል ይገባዋል። ረጅም ማጭድ የሚወደው ማለዳን፣ ጤዛው ሳይነሣ ያለውን ጊዜ ነው፤ እርጥቡ አገዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለስለቱም ይለሰልሳል። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ያው ሣር ጠውልጎ ከስለቱ ፊት ይተኛል፣ ብረቱም ቶሎ ቶሎ መሳል ይፈልጋል። ሞተሮቹ በተቃራኒው እርጥብ ሣር ሲጠቀለልባቸው ይታፈናሉ። ቀኑን ሌላ ሥራ የሚይዘው ሰው ከመደበኛ ሥራው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ማጨድ መቻሉ በወረቀት ላይ ከሚሰላው ፍጥነት ይልቅ ሊጠቅመው ይችላል።

ተዳፋት በሆነ ቦታ፣ በቦይ ዳር፣ በዛፎች መካከልና በእርከን ጠርዝ ላይ ረጅም ማጭድ ጎማ ያለው ሞተር የማይደርስበት ይደርሳል። ድንጋይ የበዛበት መሬት ግን ጠላቱ ነው፤ ሣር ውስጥ የተደበቀ አንድ ድንጋይ የአንድ ሰዓት የመሳል ድካምን በቅጽበት ያጠፋል፣ ስለቱንም ይሸርፋል። ኩይሳና ፍልፈል የቆፈረው የአፈር ቁልልም እንዲሁ ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ አጭሩን ማጭድ ይያዙ፤ ወይም ከሣሩ ምንም የማይፈለግ ከሆነ ባለ ክሩ ሞተር ያለ ጭንቀት ይሠራዋል። ሞተሩን የመረጠ ሰው ግን የጆሮና የዓይን መከላከያውን ቤት ትቶ እንዳይወጣ፤ ጩኸቱ በጊዜ ብዛት ጆሮ ይጎዳል፣ የሚወረውረው ጠጠርም ሩቅ ስለሚሄድ አምራቾቹ ሌላ ሰው ቢያንስ 15 ሜትር እንዲርቅ ያስጠነቅቃሉ።

ስለ ወገብ ድካምም ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል። አጭሩ ማጭድ ያጎነብሳል፣ ወይም ቁጢጥ ያሰኛል፤ ይህ የታወቀ ነው። ረጅሙ ማጭድ ግን በትክክል ከተገጠመ ጀርባን ቀጥ አድርጎ ያሠራል፤ ብረቱ መሬቱን እየተንተራሰ በግማሽ ክብ ከቀኝ ወደ ግራ ይንሸራተታል፣ ኃይሉም የሚመጣው ከክንድ ሳይሆን ከዳሌና ከወገብ መዞር ነው። በእያንዳንዱ ዙር የሚቆረጠው ወደፊት ጥቂት ጣት የሚሆን ጠባብ ስፋት ብቻ ነው። ትከሻውን የሚያመው አጫጅ ብዙውን ጊዜ ወይ እንደ መጥረቢያ እየወረወረ ነው፣ ወይ የዶለዶመ ስለት ይዟል፣ ወይ ደግሞ በአንድ ዙር ሊቆርጠው የማይችለውን ያህል ጎርሷል።

ሁለቱ የረጅም ማጭድ ዓይነቶች

ረጅሙን ማጭድ ለመረጠ ሰው ዋናው ውሳኔ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ጊዜ «የኦስትሪያ» ተብሎ የሚጠራው ነው። ብረቱ ከአንድ ቁራጭ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ቀጭን፣ ቀላልና በመጠኑ ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ይይዛል፤ ጀርባው ላይ ያለው ከፍ ያለ ጠርዝ ጥንካሬ ይሰጠዋል። ሙያው በላይኛው ኦስትሪያ ሥር የሰደደ ነው፤ በሮስላይተን የሚገኘው የሽሮከንፉክስ የማጭድ ሥራ መነሻው እ.ኤ.አ. 1540 ነው። የዚህ ዓይነት ብረት በመጠኑ ለስላሳ በመሆኑ ስለቱ በቀዝቃዛው በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይሳሳል፣ ከዚያም በድንጋይ ይሳላል። ማጭዱ ከነዛቢያው ወደ 2 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ነው።

ሁለተኛው በእንግሊዝና በአሜሪካ የተለመደው ዓይነት ነው። ብረቱ ወፈር ያለና ጠንካራ ነው፣ ስለቱ የሚሳሳው በመዶሻ ሳይሆን በሚሽከረከር የመሳያ ድንጋይ ተሞርዶ ነው፣ የአሜሪካው ዛቢያም በእንፋሎት ተለስልሶ የተቆለመመ ነው። ክብደቱ ወደ 3 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህ ዓይነት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ሲይዘው ከባዱ ብረት ወፍራም አገዳን በራሱ ግፊት ያልፋል፣ ስለቱም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሆኖም ለጀማሪ፣ ለሴትም ለወንድም፣ ለታዳጊም ለአረጋዊም የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ቀላል ነው፣ እንደ ሰውየው ቁመት ይስተካከላል፣ ለመሳልም መብራት የሚፈልግ መሣሪያ አያሻውም።

ሁለቱን መለየት ከምርጫም አልፎ ለብረቱ ሕይወት አስፈላጊ ነው። የመጀመሪያዬን ማጭድ የሸጠልኝ ሰው ዓይነቱን አልነገረኝም፤ እኔም ስለ መቀጥቀጥ ያነበብኩትን ይዤ ጠንካራውን ብረት በመዶሻ ለማሳሳት ሞከርኩ። ከስለቱ መካከል የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብረት ተሸርፋ ወደቀች፤ ከሥሯም ወደ ውስጥ የገባ ቀጭን ስንጥቅ ታየኝ። ብረቱ ከዚያ በኋላ ለሥራ አልሆነም። ስለዚህ ሻጩን «ይህ በመዶሻ የሚሳሳ ነው ወይስ የሚሞረድ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልስ የሌለው ሻጭ ዘንድ አይግዙ።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ጀማሪ ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር በሆነ ብረት ቢጀምር መልካም ነው። 75 እና ከዚያ በላይ የሆነው ለተስተካከለ ሰፊ ሜዳ ነው። ለቁጥቋጦና ለጠነከረ አረም 50 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ወፍራም ብረት ይበጃል፤ ቀጭኑን የሣር ብረት በእንጨታማ ግንድ ላይ ማሳረፍ ብረቱን ማጥፋት ነው። አንድ ዛቢያ ገዝቶ ሁለት ብረት እያፈራረቁ መግጠም ስለሚቻል፣ የሣሩና የቁጥቋጦው ሥራ ሁለት ሙሉ ማጭድ አይጠይቅም። ግራኝ የሆነ ሰውም ለብቻው የሚያጭድ ከሆነ የግራ ማጭድ ሊፈልግ ይችላል፤ ከሌሎች ጋር ተሰልፎ የሚያጭድ ከሆነ ግን እንደ ሌሎቹ በቀኝ መልመዱ ለሁሉም ደኅንነት ይበጃል።

ከሰውነት ጋር ማገጣጠም

በሰውየው ልክ ያልተስተካከለ ማጭድ የቱንም ያህል ስለታም ቢሆን ያደክማል። ማጭዱን አጠገብዎ አቁመው ቀጥ ብለው ሲቆሙ፣ የታችኛው መያዣ ከዳሌዎ መጋጠሚያ ጋር ሊስተካከል ይገባዋል። ከእርሱ እስከ ላይኛው መያዣ ያለው ርቀት አንድ ክንድ፣ ማለትም ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ይሁን፤ መለኪያው የራስዎ ክንድ እንጂ የሻጩ አይደለም። መያዣዎቹ የማይንቀሳቀሱበት ዛቢያ ከሆነ ለቁመትዎ የተሠራ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ቀጥሎ የሚስተካከለው ብረቱ ከዛቢያው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። ማጭዱን ገልብጠው የዛቢያውን ጫፍ ከግድግዳ ሥር መሬት ላይ ያቁሙት፤ ብረቱ ከላይ ይሆናል። ስለቱ ከዛቢያው በኩል የሚጀምርበትን ከፍታ በግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ የዛቢያውን እግር ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ ማጭዱን ወደ ጎን ያዘንብሉትና የብረቱ ሹል ጫፍ ወደ ምልክቱ ሲደርስ ይመልከቱ፤ ጫፉ ከምልክቱ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ቢያልፍ ለጀማሪ የሚስማማ ነው። ጫፉ ከምልክቱ ከፍ ካለ ብረቱ ከሚገባው በላይ ተከፍቷል፤ በእያንዳንዱ ዙር ብዙ ለመቁረጥ ይሞክርና ይቆማል። እጅግ ዝቅ ካለ ደግሞ ሣሩን ሳይቆርጥ ይንሸራተታል። ቀለበቱን ላላ አድርጎ ብረቱን በጥቂቱ ማዞርና እንደገና ማጥበቅ አምስት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ይህን ያላደረገ ሰው ለወራት ማጭዱን ሲወቅስ ይኖራል።

መሳል

በንጽጽሩ ሁሉ ውስጥ ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው። አጭሩ ማጭድ፣ በተለይም ጥርስ ያለው፣ ብዙ ሳይሳል ይሠራል። ሞተሩም ክሩን በመለወጥ ይቀጥላል። ረጅሙ ማጭድ ግን በየአምስት ደቂቃው ገደማ በመሳያ ድንጋይ መዳሰስ፣ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ከተሠራበት በኋላ ደግሞ በመዶሻ መሳሳት ይፈልጋል። አጫጁ በቀበቶው ላይ ውኃ ያለበት ትንሽ ቀንድ ወይም ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ድንጋዩን በውስጡ ይይዛል፤ ሲቆም ማጭዱን ብረቱ ወደ ላይ እንዲሆን ያቆመዋል፣ በሣር ጠርጎ ያደርቀዋል፣ ከዚያም እርጥቡን ድንጋይ ከዛቢያው በኩል ጀምሮ እስከ ጫፉ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን እያፈራረቀ ያሳልፈዋል። ሩብ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ይህን ዕረፍት እንደ ኪሳራ የሚቆጥር ሰው ተሳስቷል፤ ሰውነቱ የሚተነፍሰውም በዚያው ጊዜ ነው።

መሳል ሲያስፈልግ የሚናገረው ጆሮ ነው። የሰላ ብረት በእርጥብ ሣር ውስጥ ሲያልፍ ረዘም ያለ፣ ለስላሳ የሹክሹክታ ድምፅ ያሰማል። ሲዶለዱም ድምፁ ወደ መቅደድ ይለወጣል፣ ኋላ ሲመለከቱም ያልተቆረጡ ጎንበስ ያሉ አገዳዎች ይታያሉ። ያን ጊዜ ጉልበት መጨመር ሳይሆን መቆም ነው የሚገባው።

በመዶሻ ማሳሳቱ ለብዙዎች አስፈሪ ይመስላል። የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ብረቱ በትንሽ መስፍ ላይ ይጋደማል፣ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆነው ስፋት ብቻ በቀስታና በተከታታይ ይመታል፣ ብረቱም ወደ ውጭ እየተለጠጠ እንደ ወረቀት ይሳሳል። እጃቸውን ገና ላላፈቱ ሰዎች መዶሻው ከተወሰነው ቦታ እንዳይወጣ የሚመሩ፣ በላዩ የሚደረቡ ሁለት ክዳኖች ያሉት ቀላል መሣሪያ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ይህን እመርጣለሁ። ነጻ መዶሻ በለመደ እጅ የተሻለ ስለት ያወጣል፣ ባልለመደ እጅ ግን ጠርዙን እንደ ማዕበል ያወዛውዘዋል። ሥራው ሲያልቅ የአውራ ጣትዎን ጥፍር ከስለቱ በታች አድርገው በቀስታ ወደ ላይ ይግፉት፤ በትክክል የሳሳ ስለት በጥፍሩ ላይ በጥቂቱ ሲተጣጠፍ፣ ጥፍሩ ሲያልፍም ወደ ቦታው ሲመለስ በዓይን ይታያል። የማይተጣጠፍ ከሆነ ገና ወፍራም ነው፣ ድንጋይ ቢያሻሹበትም ስለቱ አይቆይም።

እንዲህ የሳሳ ብረት እንደ ምላጭ ነው። ሲጓጓዝ ስለቱ ይሸፈን፣ ሲቀመጥ ሕፃናት ከማይደርሱበት ከፍታ ላይ ይሰቀል፣ ሣር ውስጥ ተኝቶ አይቀር። ሁለት ሰዎች አብረው ሲያጭዱ የኋለኛው የፊተኛውን የማጭድ ዙር በማይደርስበት ርቀት ይከተል። ከአጨዳው ይልቅ ብዙ ጣት የሚቆረጠው በመሳል ጊዜ መሆኑንም አይዘንጉ፤ ድንጋዩን የያዘው አውራ ጣት ከድንጋዩ ጠርዝ ወጥቶ እንዳይንጠለጠል ያድርጉ።

ያገለገለ ማጭድ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አዲስ ከሚገዛ ሰው የተሻለ ብረት ሊያገኝ ይችላል፤ ዝገት ብቻውን ሊያስፈራው አይገባም፣ በላዩ ያለው ዝገት በድንጋይና በውኃ ይለቃል። መታየት ያለበት ስንጥቅ ነው። ብረቱን ከዛቢያው ፈትተው በብርሃን አቅጣጫ ይያዙትና ስለቱን ከዳር እስከ ዳር ይከተሉ፤ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የሚገባ ፀጉር የምታህል መስመር ካለች በመዶሻ ሲመታ ትሰፋለች። ከዚያ ብረቱን ከዛቢያው በሚገጥምበት በኩል በሁለት ጣት አንጠልጥለው በቁልፍ ወይም በሳንቲም መታ ያድርጉት። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ድምፁ ይረዝማል፤ ድምፁ የታፈነና ወዲያው የሚሞት ከሆነ ስንጥቁ በዓይን ባይታይም አለና ለሻጩ መልሰው ይስጡት።